ጭራቁን በወሬ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጨቅን። "ከጭራቅ ፊልም የተሰራ ልቦለድ ምን ይሰራል፣ ያየሁትን ላነበው ነው እንዴ፣ ያውም ጭራቁ ሳይታይ!" ይለኛል።

እንዴ! ልጅ ሆነን እኮ ቪዲዮ ቤት መግቢያ ሳንቲም ያጣ ልጅ ደጅ ግድግዳ ተደግፎ ድምጹን ብቻ ይሰማና ገብቶ ያየው ሲወጣ አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጥቶ ያስተርከው ነበር፣ ተራኪው ደሞ ትከሻውን ሰብቆ፣ አፉን ከፍቶ እያገሳ፣ "ይሄን የሚያህል ፎቅ ባንድ እርግጫ!" ሲል አቧራው ሁሉ ይታየን ነበር። በኋላ ፊልሙን ሳየው ጎማ የለበሰ ሰውዬ ነው በቃ። ተራኪው ይበልጥ ነበር።

"ያየሁትን" ላለው ደሞ፣ የግዙፉ ጎሪላ የኪንግ ኮንግ ልቦለድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ ነው፣ ፊልሙ በ1933። ያኔ ያነበበ ሰው ጎሪላውን የት አይቶት!

ከተማ የሚያፈርሰውን የጃፓኑን ጭራቅ የጎድዚላን ታሪክ የጻፈው ሺገሩ ካያማም ፊልሙ በ1954 ከወጣ በኋላ በ1955 ልቦለድ አርጎ አሳትሞታል። ነገሩ የመጣው ከእውነት ነው፣ በዛው በ1954 አሜሪካ ቢኪኒ የሚባሉ ደሴቶች ላይ ሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር አመዱ 23 ጃፓናዊ አሳ አስጋሪዎች ያሉበት ጀልባ ላይ ዘነበ። ካያማ ግን መጽሐፉን ሲከፍት ጭራቁ ቦምቡ ነው ብሎ ገና ከመግቢያው ይነግርሃል፣ እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ዋሸራ ሄዶ ቅኔውን ሳይዘርፍ ወርቁን የሚያወራ ተማሪ መምህሩ ምን እንደሚሉት የጎጃም ሰው ያውቃል።

ለጸሐፊ ከባዱ ድምጹ ነው። የጎድዚላን ጩኸት የሙዚቃው ሰው አኪራ ኢፉኩቤ ያወጣው ኮንትራባስ የሚባለውን ትልቅ ባለክር መሳሪያ ክር ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት እየፈተገ ነው፣ የኛ አዝማሪ የማሲንቆውን ጭራ ሙጫ እንደሚያስነካው ማለት ነው። ይሄን ወረቀት ላይ "ግርርር" ብለህ ልትጽፈው ነው? ያስቃል። ከብቱ ገመዱን በጥሶ ሲሮጥ፣ እናትየው እሳቱን ሳታዳፍን ልጇን አዝላ ስትወጣ ጻፍ፣ ያኔ እኔ ራሴ እሰማዋለሁ። ቁመቱንም እንደዛው፣ ፊልሙ ላይ 50 ሜትር ነው ይባላል፣ ለኔ ቁጥር ነው፣ ጢስ ዓባይ ስር ቆሞ ጭንቅላቱ ከፏፏቴው በላይ ብቅ ሲል ብትነግረኝ ግን፣ ኧረ ተወኝ!

ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ ጓደኛዬ ስኒውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና "እና መጨረሻ ላይ ይሞታል?" አለኝ።

"የቡናውን ክፈልና እነግርሃለሁ።"