እስከዚያው ማሙሽ

የእህቴ ልጅ ከተወለደ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ስም የለውም። እስከዚያው ማሙሽ እንለዋለን።

ጥፋቱ የአባትየው ነው። በሜይ 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ የካቶሊኮች መሪ፣ አዲስ ፖፕ፣ መመረጡን የሚያበስረውን ነጭ ጭስ ሲጠብቅ ነበር። ጭሱ ወጣ። ሮበርት ፕረቮስት ተብሎ ወደ ምርጫው የገባው ሰው ሊዮ 14ኛ ሆኖ በረንዳ ላይ ብቅ አለ። የእህቴ ባል ያን ቀን ማለ፦ «ልጅ ከወለድኩ የፖፕ ስም ነው የማወጣለት!» ካቶሊክ እንኳ አይደለም። ስነ ሥርዓቱ ነው የማረከው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አዲስ የተመረጠው ፖፕ ሁለት ነገር ይጠየቃል። ሹመቱን ትቀበላለህ? ማን ተብለህ ልትጠራ ትፈልጋለህ? ሊዮ 14ኛ ያን ጊዜ 69 ዓመቱ ነበር። ሰው 69 ዓመት ከራሱ ጋር ኖሮ፣ ጠባዩን አውቆ፣ ስሙን ራሱ ይመርጣል። ማሙሽን ግን መወለዱን ትቀበላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ስሙንማ ተዉት።

ስብሰባው ሳሎን ተጀመረ። አባትየው ከጴጥሮስ ጀምሮ እስከ 267ኛው ድረስ ያሉትን ፖፖች ዝርዝር ይዞ መጣ። እማዬ ሶፋው መሐል ተቀመጠች። ሰብሳቢ ያደረጋት የለም፤ መሐል ስለተቀመጠች ሆነች።

«ሊዮ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«አንበሳ ማለት ነው፣ እማማ። ሊዮ 1ኛ እኮ በ452 ጣልያንን ሊያጠፋ የመጣውን አቲላን ሄደው አነጋግረው የመለሱ ናቸው።»

«ታዲያ አንበሳ አትለውም? በላቲን ካልሆነ አያገሳም?»

ከዚያ በኋላ ማንኛውም ስም በእማዬ የትርጉም ቢሮ ሳያልፍ ወደ ድምፅ አይቀርብም ተባለ። ቤኔዲክት ገባ፣ ቡሩክ ሆኖ ወጣ። ክሌመንት ምሕረቱ ሆነ። ፓስካል ፋሲካ ሆነ። በ461 የተሾመው ሂላሪዮስ ደስታ ሆኖ አረፈው። በ615 የተሾመው ዴዩስዴዲት ሲነበብ አባትየው ራሱ አፉ ተሳሰረ። ትርጉሙ «እግዚአብሔር ሰጠ» ነው ሲባል እማዬ፣ «ምነው ታዲያ፣ ይኼ ጎረቤታችን አይደል እንዴ!» አለች።

ፍራንሲስ ላይ ግን ጠብ ተነሣ። ስሙ የተወሰደው ከአሲሲው ቅዱስ ፍራንቸስኮ ነው። እሱም ሲጠመቅ ስሙ ዮሐንስ ነበር። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ሲወለድ ለንግድ ፈረንሳይ ሄዷል ይባላል። ሲመለስ እናትየው ያወጣችውን ስም ትቶ ፍራንቸስኮ አለው። ፈረንሳዩ እንደማለት። እኔ ምላሴ አላርፍ አለና፣ «‹ፈረንጅ› የሚለው ቃላችንም ከዚያው ከፍራንክ ነው የመጣው» አልኩ።

እማዬ ተነሣች። «የልጅ ልጄን ፈረንጁ ልትሉት ነው?»

ፍራንሲስ በዚያው ቀረ።

ኢኖሰንት ቀጠለ። «የዋህ» ማለት ነው፣ ለሕፃን የሚሆን ስም ይመስላል። ችግሩ ታሪኩ ነው። ኢኖሰንት 8ኛ ልጆች እንዳሉት አልደበቀም፤ እንዲያውም በ1488 ወንድ ልጁን የፍሎረንሱ ሀብታም የሎሬንዞ ደ ሜዲቺ አማች አደረገው። እማዬ ይህን ሰምታ፣ «የዋህስ ተይዞ ነው እንጂ…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው።

ከሁሉ የሳቅነው በፎርሞሱስ ነው። መልከ መልካም ማለት ነው። ይህ ሰው ከሞተ በኋላ በ897 አስከሬኑን ከመቃብር አውጥተው፣ ልብሰ ጵጵስና አልብሰው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ከሰሱት። ተፈረደበትም። በ1464 የተመረጠው ፒየትሮ ባርቦ ደግሞ በመልኩ የሚኮራ ነበርና ፎርሞሱስ ልባል ቢል፣ ፖፕ መራጮቹ ካርዲናሎች «ኧረ በሕግ አምላክ» ብለው አስጣሉት ይባላል። ጳውሎስ 2ኛ ሆነ። ቢያንስ እሱ የሚመክረው ሰው ነበረው።

«ዮሐንስ ይሁን በቃ» አሉ አንድ አጎታችን። ከዝርዝሩ ውስጥ እንደ ዮሐንስ የተደጋገመ ስም የለም፤ ቁጥሩ 23 ደርሷል። እዚያም ቢሆን ከብዛቱ የተነሣ ቆጠራው ተምታቶ ዮሐንስ 20ኛ የሚባል የለም። እኛ ዘመዶች ውስጥ ደግሞ ዮሐንስ ረጅሙ፣ ዮሐንስ ቀዩ እና ዮሐንስ ብድሩ አሉ። አራተኛ ቢጨመር ማን ማንን እንዳበደረ አይታወቅም።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው አልተጠየቀችም። እናትየዋ። ካርዲናሎቹ ዘንድ ሴት ድምፅ እንደማትሰጥ ሁሉ፣ እኛም ዘንድ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ጓዳ ሆና ታጠባለች፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ያልተሸከምነው ሳሎን ሆነን እንጮሃለን። ልጁ በጩኸታችን ሦስተኛ ጊዜ ሲነቃ ብቅ አለች። በሩን ቆለፈች። ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ስም ሳታወጡ አትወጡም። የሚበላም የለም።»

ፖፕ የሚመረጥበት ስብሰባ መጠሪያ፣ ኮንክላቬ የሚለው ቃልም፣ ትርጉሙ «በቁልፍ» ነው። በ1268 ቪተርቦ ከተማ የተሰበሰቡ ካርዲናሎች ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ አልስማማ ብለው፣ ሕዝቡ ቆልፎባቸው፣ ምግብ ቀንሶባቸው፣ በመጨረሻ ጣሪያውን እንዳነሣባቸው ይነገራል። የእኛ ጣሪያ የተረፈው ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ነው።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ተስማማን። ረሃብ ከላቲን ይበልጣል። መፍትሔውንም ከዝርዝሩ አገኘነው። በ1978 አልቢኖ ሉቺያኒ ከእሱ በፊት ከነበሩት ከዮሐንስ 23ኛ እና ከጳውሎስ 6ኛ አንዱን ከሚያስቀይም የሁለቱንም ወሰደና ዮሐንስ ጳውሎስ ተባለ። ገና ሁለተኛ ሳይኖረው «1ኛ» ብሎ ቁጥር ጨመረበት። በሹመት የቆየው 33 ቀን ነው፤ ይህን ለእማዬ አልነገርናትም። በዚያው ስልት የእኛው ልጅ ሊዮ ቡሩክ ተባለ። አባትየው ላቲኑን አገኘ፣ እማዬ ትርጉሙን።

እህቴ ቁልፉን አውጥታ ሰጠችን። «እሺ» አለች፤ ልጁን አቅፋ ስትመለስ ግን «ና ማሙሽዬ» ስትለው ሰማኋት።

እዚህ ላይ አንድ ፖፕ ትዝ አለኝ። በ1009 የተሾመው ሰርጊዮስ 4ኛ የልጅነት ስሙ ጴጥሮስ ነበር። የመጀመሪያውን ጴጥሮስ ላለመዳፈር ስሙን ለወጠ። የሮማ ሰው ግን ድሮ «የአሳማ አፍ» ነበር የሚለው። ይኸው ሺህ ዓመት አለፈ፣ የታሪክ መጻሕፍቱ ሰርጊዮስ ብለው ሳይጨርሱ አሳማዋን ያነሣሉ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነ። አባትየው ከሥራ ሲገባ በር ላይ ቆሞ «ሊዮ ቡሩክ!» ይላል። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እማዬ ከጓዳ «ማሙሽ» ስትል አንገቱን ያዞራል፣ እግሩን ያወራጫል፣ ድዱን ያሳያል። አጎትዬውም፣ ጎረቤቱም፣ ሦስቱም ዮሐንሶች ማሙሽ ነው የሚሉት። አባትየው ብቻ ነው የጸናው።

ጸንቷል ብዬ ነበር። ትናንት የልጁን ፎቶ ላከልን። ነጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ነጭ ቆብ አድርጎ፣ በረንዳ ላይ ታቅፏል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ማሙሽ 1ኛ»።