«ዘ ስኩዌር» የሚያሾፈው ማን ላይ ነው?

ሰላም፣ ስለ «ዘ ስኩዌር» ፊልም የተፃፈውን ወድጄዋለሁ ግን «ዘ ስኩዌር ዘመናዊ አርት ማጭበርበሪያ መሆኑን ያጋልጣል» የምትለዋ ነገር አልዋጥ አለችኝ። ፊልሙ እኮ ሰዓሊ ላይ ብዙም አይደለም የሚያሾፈው፣ ስቶክሆልም ያለ የዘመናዊ አርት ሙዚየም የሚመራው ክርስቲያን የሚባለው ሽክ ያለ ሰውዬና አጠገቡ ያሉት ለጋሾች ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ጋዜጠኛዋ ሙዚየሙ ራሱ የፃፈውን አንብባ ምን ማለት ነው ስትለው እንዴት እንደሚንተባተብ አያችሁ? እኔ እዛ ጋር ነው በሳቅ የሞትኩት ምክንያቱም እዚህ ፒያሳና አራት ኪሎ የኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው እንግሊዝኛ ቁርጥ እሱን ነው፣ ሁሉም ወይኑን ይዞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል ማንም ግን አልገባኝም አይልም።

ደሞ የጠጠሩ ነገር! የፅዳት ሰራተኛው እንደ አርት ስራ ለእይታ የቀረበውን የጠጠር ክምር ጠራርጎ ሲወስደው ክርስቲያን ለኢንሹራንስ ከመናገር ፎቶ እያየን ራሳችን እንመልሰዋለን ይላል ሃሃሃ። የለጋሾቹ እራት ላይ እንደ ዝንጀሮ ሆኖ ትርኢት የሚያሳየው ሰውዬ ሲመጣ ግን ሳቄ ጠፋ፣ ያ ሁሉ ሱፍ ለባሽ አንገቱን ደፍቶ እኔን ብቻ አይንካኝ ነው።

አብስትራክት (ነገሮችን እንዳሉ የማይስል አርት) ሁሉ ባዶ ነው የሚል ካለ ደሞ ስድስት ኪሎ ሄዶ የሰዓሊውን የገብረክርስቶስ ደስታን ስራዎች ይይና ከዛ እናወራለን። ፊልሙ በ2017 እ.ኤ.አ. ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶርን መውሰዱ ሲያንሰው ነው፣ የክርስቲያን የተሰረቀው ስልክ ታሪክ ግን ትንሽ ተንዛዝቶብኛል።