50 ኪሎ ከ800

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ስለ ቦክሰኛው ማኒ ፓኪያው ወሬ ከተነሳ አንዱ ማዘጊያውን ይዞ ይቀርባል፦ «አቦ፣ ስምንት ክብደት!» ልክ ነው። ፊሊፒናዊው እ.ኤ.አ. በ1998 ከ50 ኪሎ ከ800 ግራም ተነስቶ በ2010 ተጋጣሚውን ማርጋሪቶን እስኪረታ ድረስ በስምንት የክብደት ምድብ ነግሧል። በ1999 የመጀመሪያውን ቀበቶ የነጠቀው ሚዛን መሆኑን ግን የሚያነሳ የለም። ኪሎው አልወርድ አለና ቡጢ ሳይሰነዘር ዘውዱ ሄደ፤ ግጥሚያው ላይም በሦስተኛው ዙር ተዘረረ።

ሚዛኑ ድሬ ቢሆን ላቡ ችግር አልነበረም። ሌላው አገር ቦክሰኛው ኪሎ ለመቀነስ ላስቲክ ልብስ ደርቦ ሙቅ ክፍል ይዘጋበታል፤ እዚህ በሰባት ሰዓት ፀሐይ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ መድረስ ይበቃል። የቀረው ሂሳብ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ጨውና ዳቦ ይቆማል። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸ አንድ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውሃ አቅፎ ስለሚቀመጥ፣ ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም ይወጣል።

ጉዱ ጎረቤት ጋ ነው። የቦክሰኛው ጉንጭ ሲጎድል ሰፈሩ ሐዘን ይቀመጣል። «ውይ የኔ ልጅ፣ ምን ነካህ?» ይባልና ማር የጠጣ ፈቲራ ይመጣል። «በሞቴ!» አንድ ጉርሻ ያጣላልና ሁለተኛው ይከተላል። ወጡ ጨው አለው፣ ጨው ያስጠማል፣ የተጠጣውንም ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ ጠዋት ሚዛኑ ላይ ፍቅር በግራም ይነበባል። ትርፉን ለማራገፍ አንድ ሁለት ሰዓት ይሰጠው ይሆናል፤ ግን የደረቀ ሰው ገመድ ቢዘል ምን ላብ ይወጣዋል? አንጎሉም ውሃ ጎድሎት ለቡጢ ይጋለጣል።

«ቅጠሉን ቃም፣ ምግብ ይዘጋልሃል» የሚል አማካሪም ከበርጫው ትራስ ሳይነሳ ይገኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ጊዜ የተከለከለ አበረታች ነው። ምክሩን የሰማ ሚዛኑን ቢያልፍ የሽንት ምርመራው ላይ ይወድቃል።

ወደ ላይ መውጣቱንማ ሁሉም የሚችለው ይመስለዋል፤ ከሠርጉ በኋላ በአንድ ክረምት ሁለት ምድብ የዘለለ ሙሽራ ሞልቷል። ፓኪያው ግን ከማርጋሪቶ ጋር በ68 ኪሎ ጣሪያ ተስማምቶ ሚዛን ላይ 66 እንኳ አልሞላም። ይዞት የወጣው እግሩንና ፍጥነቱን ነው፤ ቦርጭ ምድብ ያሻግራል እንጂ አይማታም።

ሚዛኑ ካለፈ በኋላ እስከ ግጥሚያው አንድ ቀን ያህል አለ። ጨው ያለበት ሾርባ፣ ሩዝ፣ ቀስ እያሉ የሚጠጣ ውሃ የሚፈለገው ያኔ ነው። ያኔ ደግሞ ሰፈሩ አኩርፏል፦ «ትናንት ስንለምነው እምቢ ያለ፣ ዛሬ ሆዱ ሲጠራው መጣ?»