እስቲ ልየው

ጋሼ አውራ ጣታቸውን ምራቃቸው ላይ ነካ አደረጉ። ከዚያ "አቧራ ይዞታል" ብለው የማስታወቂያ ሰሌዳዬን አሹት።

አቧራ አልነበረም። ማለቴ አቧራስ ነበር፤ ግን የእኔ አቧራ ነበር። ሦስት ምሽት የፈጀብኝ አቧራ። ቡናማና ብርቱካናማ ጠመኔ በምላጭ ፍቄ፣ አድቅቄ፣ በቀጭን ብሩሽ ከላይ ወደ ታች እየጎተትኩ የሠራሁት ዝገት። ዝናብ ከብረቱ አጥቦ ያወረደው እንዲመስል። የቀረው የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ረጭቶ ማያያዝ ብቻ ነበር። እሱን ለነገ አልኩ። ነገን የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ እንግዳ ይጠብቅ።

"ምንም አይደለም ጋሼ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሰውየው እኮ ሊረዱኝ ነው። ቆሻሻ አይተው ማለፍ አልቻሉም። ጨርቅ ካለ አምጣ ሁሉ ብለውኛል።

ነገሩን ላላወቀ፦ የሞዴል ባቡር አለኝ። ጣቢያ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ከጣቢያው አጠገብ ደግሞ ቢልቦርድ እንዲኖረው ፈለግሁ። ቢልቦርዱ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። "ፀሐይ ሳሙና፣ ከነጭ ወዲያ" ይላል። ሳሙናውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ነጭ ያነጣል የተባለለት ሳሙና በዝገትና በጭቃ ተለውሶ መቆሙ ሙሉ ቀልዱ ነበር። ጋሼ ቀልዱን አጠቡት።

አሁን ጥፋቱ የማን ነው? እኔ ቋንቋችንንም እጠረጥራለሁ። "እስቲ ልየው" ያለ ሰው ዓይኑን አይገልጥም፤ እጁን ነው የሚዘረጋው። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቀምሰህ እይ እንላለን። ዳስሰህ እይ። አሽትተህ እይ። ጠይቀህ እይ። ምላስም ያያል፣ አፍንጫም ያያል። ሁሉም የሚያይ ከሆነ ጣት ምን አጠፋ? በጣት የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ዓይናቸው የሚያገለግለው ጣታቸው ወዴት መሄድ እንዳለበት ለማሳየት ብቻ ነው።

ስለዚህ ነው "ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል" የሚለውን ተረት የምወደው። ሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። ዓይን አለ፣ ልብ አለ፣ ጣት የለም። ያሰበ ሰው ነው የተረተው። ምናልባት እሱም አንድ ነገር ቀብቶ ሳይደርቅ እንግዳ መጥቶበት ይሆናል።

ጋሼ ግን "ይቺን ለምታክል ነገር?" አሉኝ፣ ፊቴን አይተው። ይቺን ለምታክል! እዚህ ላይ እውነት ለመናገር ደሜ ፈላ። ነገሩ 1ለ87 ነው። አንድ ሜትር እኔ ጋ ሲደርስ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእውነተኛው ሀዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኔው 16.5። አሜሪካ ውስጥ በአውራ ጎዳና ዳር የሚቆመው ትልቁ ቢልቦርድ በተለምዶ 14 በ48 ጫማ ነው፤ እኔ ጋ 5 ሴንቲ ሜትር በ17 አካባቢ ይሆናል። ልኩን ማሳነስ ቀላል ነው፤ ድካሙ ግን አያንስም። እንዲያውም ይብሳል።

የልኩ ስም ራሱ ይገርመኛል። ኤችኦ ይባላል። ማርክሊን የተባለው የጀርመን አሻንጉሊት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕዚግ ትርኢት ላይ የሀዲድ ስፋቶችን በቁጥር ሰየመ። ኋላ ከ1 የሚያንስ ሲመጣ 0 ተባለ። ከ0 የሚያንስ ሲመጣስ? የ0 ግማሽ። ኤቿ በጀርመንኛ ግማሽ ማለት ናት፣ ኦዋ ዜሮዋ። በቃ፣ ስሙ ይኸው ነው፤ የዜሮ ግማሽ። እኔ ዕድሜዬን የምገፋው በዜሮ ግማሽ ላይ ነው። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ እንዳላሳብቅ በራሴ ላይ።

በዚህ ልክ ሲሰላ ግን የእሳቸው አውራ ጣት ብቻ የሰው ቁመት ያህል ይሰፋል። ቁመናቸው 150 ሜትር ያልፋል። ጣቢያው ላይ ባቡር የሚጠብቅ 2 ሴንቲ ሜትር ሰውዬ አለኝ፤ ሻንጣ የያዘ። እስቲ በእሱ ቦታ ሁኑ። ባቡር ይመጣል ብላችሁ ቆማችኋል። ከሰማይ የእናንተን ቁመት ያህል የሚሰፋ ጣት ይወርዳል። እርጥብ ነው።

ለነገሩ ይህ ሰሌዳ መጀመሪያም እድል የለውም። እንጨቶቹን አጣብቄ ስጨርስ ነው ያረጀ መልክ ልስጣቸው ያልኩት። ጥቁር ቀለም በአልኮል አቅጥኜ ቀባሁ። ኮላ የነካው እንጨት ግን ቀለም አይጠጣም። መጋጠሚያው ሁሉ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ቀለም፣ ከዚያ ኮላ ነው። አፍርሼ ደገምኩት። ፊደሎቹንም ደማቅ ቀይ ቀብቼ ነበር፤ ግን ፀሐይ የመታው ቀይ ከሰማያዊው ቀድሞ ይገረጣል። ትንሽ ነገር ላይ ደግሞ ቀለም ከሚገባው በላይ ይደምቃል። ነጭ ጨምሬ አገረጣሁት። ይኼ ሁሉ ሲሆን ማንም አልነበረም። ሲያልቅ ሁሉም መጣ።

ከሁሉ በፊት የመጣው አንድ ወዳጄ ነው። እሱን ገና ይቅር አላልኩትም። አጎንብሶ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ፊደል አየና "ተሳስተሃል፤ በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው" አለኝ። ፀሐይን! ፊደሉ ስሙ "ፀሐዩ ፀ" አይደለም እንዴ? ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ካልተጻፈች ፊደሉን ለምን ፈጠሩት? አንድ ሰዓት ተከራከርን። እሱ ሲሄድ "ለማንኛውም ሰው አያየውም" አለ። ይኼ ነው ያንገበገበኝ። ሰው ካላየው አንተ ምን አየህ? ቢያንስ ግን አልነካውም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ሌላ አላመሰግነውም።

አንዳንዴ ሕግ ቢኖር እላለሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1965 ለጎዳና ውበት ብለው ሕግ አውጥተዋል። ከዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ጠርዝ በ660 ጫማ ውስጥ የሚቆም ቢልቦርድ ላይ ቁጥጥር ጣሉ። ሰሌዳውን ከመንገደኛ ዓይን ሊያርቁ ነው። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ዓይኑ ይቅረብ፣ ጣቱ 660 ጫማ ይራቅ። በ1ለ87 አስልቼዋለሁ፤ 2.3 ሜትር ይመጣል። ክፍሉ ግን ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ጠረጴዛው አለ። እንግዳው የት ይቁም? በረንዳ ላይ።

ብቻ፣ ጋሼ ሄዱ። ሲሄዱ "አሁን ጸዳ" ብለዋል። የጠመኔው ዱቄት በምራቅ ጭቃ ሆኖ "ሳሙና" ከሚለው ላይ ሳውን ውጦታል። "ፀሐይ ሙና" ይላል አሁን። እርጥብ ጥጥ በወረንጦ ይዤ ጠራረግሁት፣ አልሆነም። ነጩን ከሥሩ ጀምሮ እንደገና ቀባሁት። ሳዋን ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ቫርኒሹንም ለነገ አላልኩም፤ ዛሬውኑ ረጨሁት። በሩንም ቆለፍኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደጠበቅሁ ደርቆ እንደሆን እስቲ ልየው ብዬ በጣቴ ነካ አደረግሁት።

አልደረቀም።