አያቶች፣ ያንን የፕላስቲክ መኪና መልሱት

እናንተ አያቶች፣ የዛሬው ወቀሳ ለእናንተ ነው። ለገና፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለልደት እየተባለ መርካቶ ትወርዳላችሁ፤ እየጮኸች የምትሽከረከር መኪና፣ ሲጫኗት የምትዘፍን ስልክ፣ ዓይኗ የሚበራ አሻንጉሊት በፌስታል አንጠልጥላችሁ ትመለሳላችሁ። ልጁ ሦስት ቀን ይፈነድቃል። በአራተኛው ጎማዋ ይወልቃል፣ በሳምንቱ ድምፅዋ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ቤቷ አልጋ ሥር ነው። ጥንት በገጠሩ አያት ለልጅ ልጁ ጊደር ወይም ግልገል ይሰጥ ነበር፤ ልጁ ሲያድግ ስጦታውም አብሮት ይረባ ነበር። ፕላስቲክ አይወልድም። ይህን ከማንም በላይ እናንተ እያወቃችሁ ቤቱን ኮተት ስትሞሉት ዝም ብሎ ማየት አይገባም።

ኮተት ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። የመጫወቻውን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት። የባትሪው ክዳን በብሎን ያልታሰረ፣ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ለባለ ሱቁ መልሱለት። ውስጡ ያለችው ብዙ ጊዜ የሰዓት ባትሪ የምንላት ክብ ብረት ናት። ሕፃን ውጧት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች እንደ ሳንቲም ዝም ብላ አትቀመጥም፤ የሰውነቱ እርጥበት ሲያገኛት ኤሌክትሪክ ታፈሳለች፣ ሥጋው ላይ እንደ አመድ ውኃ የሚበላ ኃይለኛ ነገር ይፈጠራል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። የምትከፋው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ባለ 3 ቮልቷ ናት፤ ላይዋ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከተዋጠች ልጁን ለማስመለስ አትሞክሩ። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ሩጡ፣ በር ላይም «ባትሪ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ተናገሩ፤ በራጅ ላይ ከሳንቲም የምትለየው ጠርዟ እንደ ድርብ ቀለበት ሆኖ ስለሚታይ ነው። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፣ ከ6 ጊዜ አይለፍ። ማሩን ፍለጋ ግን ደቂቃ እንዳታባክኑ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ክልክል ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ አያቶችም አታመልጡም። ከአሜሪካ የምትልኩት ቻርጀር ያለው መጫወቻ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈ፣ አዲስ አበባ ደርሶ በተሰካ በደቂቃዎች ይጨሳል። ስንት ሻንጣ እንዲህ ባለ ዕቃ ተሞልቶ መጣ መሰላችሁ!

አሁን ግቢ ያላችሁ ስሙ። ለተወለደው ልጅ የአቮካዶ ችግኝ ትከሉለት፤ ግን በልታችሁ የጣላችሁትን ፍሬ አታብቅሉ። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ሰባት ስምንት ዓመት ያስጠብቃል፣ የእናቱን ዓይነት ፍሬ ስለመስጠቱም ማረጋገጫ የለውም። የተዳቀለውን ግዙ፤ ግንዱ ላይ የተቆረጠና የተቀጠለ ጠባሳ ይታያል። እሱ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ያፈራል፣ ማለትም ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ከራሱ ዛፍ ቆርጦ ይዞ ይሄዳል። ጉድጓዱን በሰኔ ቆፍሩ፤ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከላይ የወጣውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ ከታች የወጣውን ለብቻ ክመሩ። ሐምሌ ላይ ስትተክሉ ሁለት እጅ የላይኛውን አፈር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዛቱ ይገርማል፣ ሥሩ ከረጢቱ ውስጥ እየዞረ ዛፉ በሁለተኛው ዓመት ይቀነጭራል። የተቀጠለበት ቦታ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ያህል ይቅር። ከእሱ በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ ሁሉ የሥረኛው፣ ማለትም ጥሩው ዓይነት የተቀጠለበት የታችኛው ችግኝ፣ ስለሆነ ቀንጥሱት። ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 6 ሜትር አርቁት።

አቮካዶን ከድርቅ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ሥሩ ላይ የተኛ ውኃ ነው። መሬታችሁ መረሬ፣ ማለትም ውኃ የሚያቁር ጥቁር ጭቃ፣ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ አትትከሉት፤ አፈሩን ወደ ጉልበት አስጠግታችሁ ከምሩና ጉብታው ላይ ትከሉ። በበጋ ደግሞ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውኃ ስጡት፣ ዙሪያውን ገለባ አልብሱት፣ ገለባው ግን ግንዱን አይንካው። ውኃ የማጠጣቱ ሥራ የልጁ ይሁን፤ ሦስት ዓመት ከሞላው በጣሳ መቅዳት አያቅተውም። ፍየል ካለ አጥር መጀመሪያ፣ ችግኝ በኋላ።

ደጋ ያላችሁ፣ ጨንቻም ሁኑ ደብረ ብርሃን፣ ውርጩ አቮካዶን ስለሚፈጀው ፖም ትከሉ። ፖም ብቻውን አይሆንለትም። አና የሚባለው ዝርያ ደህና አድርጎ የሚያፈራው አጠገቡ ዶርሴት ጎልደን ሲኖር ነው፣ ንቦቹ የአንዱን ብናኝ ለሌላው ስለሚያደርሱ። ስለዚህ ለወንድሙ አንዱን፣ ለእህቱ ሌላውን ስጡ። አንዳቸው የራሳቸውን ውኃ ማጠጣት ቢረሱ የሁለቱም ፍሬ ይቀንሳል፣ ጭቅጭቃቸውም የተፈለገ ነው።

ዶሮ የምታረቡ ከሆነ ደግሞ የታቀፈች ዶሮ ስጡ። ሳምንት ያላለፈው፣ ያልታጠበ 10 ወይም 12 እንቁላል ጨለም ያለ ጥግ አስታቅፏትና ልጁ በየማታው ግድግዳው ላይ በከሰል አንዳንድ መስመር ያስምር። በ21ኛው መስመር ጫጩት ያያል። እናትየው ግድግዳዬ ቆሸሸ ብትል እናንተ መልሱላት።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ እናቶችስ? ጋቢ ስጡ፤ ገዝታችሁ ሳይሆን አብራችሁ ፈትላችሁ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ክር ይፈልጋል፣ ለዚህም ነው የዓመት ስጦታ የሚሆነው። ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆን ማንም አይወቅሳችሁም፣ ማጉ ግን የእጃችሁ ይሁን። የአምስት ዓመት ልጅ ከጥጥ ፍሬ መልቀም ይችላል። ስምንት ሲሞላው እንዝርት አስጨብጡት። ክሩ ቶሎ ቶሎ የሚበጠስበት እንዝርቱ ሳይዞር ባዘቶውን ስለሚስብ ነው፤ የሚጠቀለልበትና የሚቋጠርበት ደግሞ አዙሮ አዙሮ ሳይስብ ስለሚቆይ ነው። ጓል ጓል ካለ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ በደንብ አልተነደፈም። ወጣ ገባ ያለ ክር ድር ላይ ይበጠሳል፣ ማግ ላይ ግን ያልፋል። ስለዚህ የልጁን ልቃቂት ለብቻ ጠቅልላችሁ ለሸማኔው «ይህን ጥለቱ አጠገብ አግባው» በሉት። ልጁ ጋቢውን ሲለብስ ያንን ጎርበጥባጣ ቦታ በጣቱ እየዳበሰ ያገኘዋል።

የባንክ ደብተር እንክፈትለት የምትሉ አላችሁ፤ ክፈቱ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ ብላችሁ አትኩራሩ። 1,000 ብር በዓመት 70 ብር ሲወልድ የጤፉ ዋጋ ቆሞ አልጠበቀውም። ደብተሩ ልጁን ቁጠባ ያስተምረው እንጂ ሀብት ያወርሰዋል አትበሉ።

ልጅ ልጆቻችሁ ዋሽንግተን ያሉባችሁ ግን ችግኝም ዶሮም ይዛችሁ አትሄዱም፤ አፈር ያለበት ችግኝ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል። እናንተ ያላችሁ ተረት ነው። ልጁ እዚያ ማታ 2 ሰዓት ሲተኛ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 10 ይሆናል፤ በስልክ አስተኛዋለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። ቅዱት። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ተኩል አርቁ፣ ጥሪ እንዳይገባ በአውሮፕላን ምልክቱ ዝጉት፣ ባዶ ሳሎን ስለሚያስተጋባ አልጋና ልብስ ያለበት ክፍል ግቡ። አንድ ተረት አንድ ፋይል፣ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለስልኩ አታውሩ፤ የጎረቤት ልጅ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ። «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ከሌለ ድምፃችሁ ደረቅ ንባብ ይሆናል፤ ልጁ ካለ ግን ሲስቅ ትስቃላችሁ፣ «ከዚያስ?» ሲል ታስረዝማላችሁ፣ እዚያ ማዶ ያለውም ከእሱ ጋር አብሮ ይመልሳል። ቴሌግራም ላይ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ላኩት፣ ጥራቱ እንዳይወርድ። አንዱ ቅጂ እናንተ ጋ፣ አንዱ ልጃችሁ ጋ ይቀመጥ፣ ስልክ ይጠፋልና። ስሙን ስትጽፉለት ተረቱን፣ የተራኪውን ስምና ቀኑን አስገቡ፤ «ቅጂ 47» ብላችሁ ከተዋችሁት ከአምስት ዓመት በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ እናንተም አታገኙትም።