አፈሙዙ ቢያጥር ምን ይጎድላል?

ደሴ ላይ ጠመንጃ የሚመዘነው በቁመቱ ነው። ሠርግ ላይ ሽለላው ሲሞቅ ከሰው ራስ በላይ ዘልቆ የሚታየው ጠመንጃ ባለቤቱን ያስከብራል፤ አጭር የያዘው ከኋላ ይሰለፋል። ልማዱ ሠርግ ቤት ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ነገር ግን ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን የአደን ጠመንጃ ሲገዙ አስተያየት የሚጠይቁት እኛኑ ነው፤ እኛም በዚያው በሠርግ ቤት ሚዛን እየመዘንን እንመልሳለን።

ሰሞኑን የሆነው ይኸው ነው። ሚኒሶታ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለሚከፈተው የአጋዘን አደን ሊገዛ ያሰበውን ጠመንጃ ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። አፈሙዙ 18 ኢንች ነው፤ በእኛ ልክ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ፒያሳ ቡና ይዘን ስለነበር ስልኩ እጅ በእጅ ዞረ። በዕድሜ ትልቃችን የሆኑት አያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ በሁለት ጣታቸው ምስሉን ለማስፋት እየታገሉ፣ «ይኼ እኮ ተቆርጧል! ቀሪውን የት አደረሱት?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው፣ «ንገረው፣ ረጅሙን ይግዛ። አጭር አፈሙዝ ጥይት ይበትናል» ሲሉ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። «አያ፣ እሱስ አይመስለኝም» ብል፣ «አብሽር፣ አንተ ደግሞ መጽሐፍ ስታነብ ነው ያደግኸው» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት። እዚያ ያልተቋጨውን እዚህ ልጨርሰው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ጫካ ውስጥ አጋዘን ለሚያድን ሰው፣ የሚተኩሰው ጥይት መካከለኛ እስከሆነ ድረስ፣ ከ18 እስከ 20 ኢንች ያለው አፈሙዝ ይበቃዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከረጅሙ ይሻለዋል። እያወራሁ ያለሁት ቅርንጫፍ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ስለሚያበቅለው የውጭ አገሩ አጋዘን ነው። በእኛ በደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ላይ ያሉት ድኩላና ሰስ ናቸው፤ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ እዚያ ጠመንጃ ይዞ መግባት ወሬም የለው።

የአያ እምነት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን ረጅም አፈሙዝን ያመኑት ውጅግራን ይዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳዮች ያወጡት ይህ ጠመንጃ አፈሙዙ ብቻ 82 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከነሰደፉ ሲቆም 1 ሜትር ከ30 ይሆናል። 25 ግራም የሚመዝን፣ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ይተፋል። የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ያንን የሚያህል እርሳስ ለማፍጠን ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ያም ሆኖ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ ላይ ብትቆርጥለት በእርግጥም ይጎዳል። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ጠመንጃ ሳንጃ ሲሰካበት ጦር መሆን ነበረበት፤ ፈረሰኛ የሚመክት እግረኛ አጭር ነገር ይዞ አይቆምም። ሁለት ረድፍ ሆነው ሲተኩሱም የኋለኛው አፈሙዝ ከፊተኛው ሰው ጆሮ አልፎ መውጣት አለበት።

ከዚያ ባሩዱ ተለወጠ። ፖል ቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ የሌለውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለበን የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ያንን ባሩድ ጎርሶ ወጣ። አዲሱ ባሩድ ግፊቱ እጅግ ብርቱ በመሆኑ ሥራውን የሚጨርሰው በአፈሙዙ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ የቀረው ርዝመት የሚጨምረው እያነሰ ይሄዳል። ሠራዊቶቹም ይህንን ለማየት ብዙ አልቆዩም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1903 የእግረኛዋን ጠመንጃ አፈሙዝ ከ77 ወደ 64 ሴንቲ ሜትር አወረደች፤ አሜሪካ በዚያው ዓመት ከ76 ወደ 61። እንግዲህ የጦር ሜዳው ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የተወውን ርዝመት ነው እኛ ዛሬ ለአዳኝ የምንመክረው።

አንድ ሌላ ምክንያትም ነበር፤ እሱ እንዲያውም የበለጠ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። በዓይን ብቻ ሲነጣጠር የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ በተራራቁ ቁጥር ስህተቱ ያንሳል። ረጅም አፈሙዝ የያዘ ሰው ጥሩ ተኳሽ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ዛሬ የአጋዘን አዳኝ ጠመንጃው ላይ መነጽር ያስራል። መነጽር ከታሰረ ደግሞ የአፈሙዙ ርዝመት ከማነጣጠሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

«ይበትናል» የሚለውንስ? አብዛኛው የእኛ ሰው አጭር አፈሙዝ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ክላሽ ነው። ክላሽ ከሩቅ እንደማይመካ ሁሉም ያውቃል፤ ጥፋቱን ግን በአፈሙዙ ያሳብባል። የክላሽ አፈሙዝ 41 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ 8 ግራም ገደማ የሆነች እርሳስ በሰከንድ 715 ሜትር ይወረውራል። በዚሁ ርዝመት አፈሙዝ ላይ 308 የሚባለውን የአደን ጥይት ብትተኩስ፣ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ እርሳስ በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይወጣል። ጉልበቱ የክላሹን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል። ርዝመቱ አንድ ነው፤ የተለየው ቀለሁ ውስጥ ያለው ነው። ጥይት የሚበትነው በውስጡ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ያለቀ፣ ከንፈሩ የተጎዳ፣ ወይም የማይስማማውን ጥይት የጎረሰ አፈሙዝ ነው። (የተኳሹን ትከሻ ሳልረሳ።) እንዲያውም ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሁለት አፈሙዞች ቢተኮሱ፣ አጭሩ ግትር ስለሆነ የሚርገበገበው ያነሰ ነው።

ታዲያ ሲያጥር የሚጎድል ነገር የለም ወይ? አለ፤ ፍጥነት ነው። በ308 ላይ አንድ ኢንች በተቀነሰ ቁጥር በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ይቀራል። ከ24 ኢንች ወደ 18 ብትወርድ 850 የነበረው 810 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ያስደነግጣል። አጋዘኑ ዘንድ ሲደርስስ? ጠመንጃው 100 ሜትር ላይ ከተስተካከለ፣ 200 ሜትር ላይ በሁለቱ መካከል ያለው የጥይት መውረድ ልዩነት ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። 300 ሜትር ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን የትልቅ ሰው ስንዝር ያህል ይሰፋል። በጫካ ውስጥ ደግሞ 200 ሜትር የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ራሱ ዕድል ነው፤ አብዛኛው ተኩስ ከመቶ ሜትር ብዙም አይርቅም።

ስለ ፍጥነት ካነሣን፣ ስለ ርዝመት የሚጨነቅ ሰው ስለ ከፍታ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጣ አየሯ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል፤ ጥይት በሳሳ አየር ውስጥ ፍጥነቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያጣው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ተራራ ላይ ለማደን የሚወጣ ሰው፣ አፈሙዙን አሳጥሮ ካጣው ፍጥነት ከፊሉን ራቅ ላለ ዒላማ አየሩ ይመልስለታል።

አሁን ወደሚገኘው ጥቅም እንምጣ። ሰሜን ሚኒሶታ ጫካ ነው። አዳኙ ወይ በእግሩ ይሄዳል ወይ ዛፍ ላይ በተሠራ ማማ ይቀመጣል፤ በቃሉ ወረዳ ቆላ ማሽላ ጠባቂ የሚወጣበትን ማማ አስቡት፣ ከዚያም ይጠባል። እዚያ ላይ ተቀምጦ አጋዘን ባላሰበው ጎን ሲወጣበት ጠመንጃውን ሳያንኳኳ ማዞር አለበት። ረጅም አፈሙዝ የማማውን እንጨት ይመታል፤ አጋዘኑ አንዲት ቋ የምትል ድምፅ ሰምቶ አይቆምም። በእግር ሲኬድም ያው ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጥዱ መሐል ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ ዝቅ ብሎ ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ አንተ ታልፋለህ፣ አፈሙዙ ቅርንጫፍ ይዞ ይቀራል፣ ማንገቻው ወደ ኋላ ይስብሃል፣ በረዶ ወይም ጭቃ ከቅርንጫፉ ላይ ወደ አፈሙዙ ይረግፋል። ክብደቱም ሁለት መቶ ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ጠዋት አይታወቅም፣ ከሰዓት በኋላ ይታወቃል።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። አሜሪካ ውስጥ የአጋዘን ጠመንጃ ሲባል ለብዙ ትውልድ የታወቀው እ.ኤ.አ. የ1894ቱ ዊንቸስተር ነው፤ በብዛት የተሸጠውም ባለ 20 ኢንቹ ነው። ተራራ ለተራራ የሚወጡት የኦስትሪያ አዳኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣውን ማንሊኸር ሾናወር ሲይዙ አፈሙዙ 45 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከእህቴ ልጅ ፎቶ ጋር ሲተያይ የአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው ያለው። አያ ያንን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም።

ነገር ግን አጭር ሁሉ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። ማግነም የሚባሉት፣ እንደ 300 ዊንቸስተር ማግነም እና 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም ያሉት ጥይቶች ብዙና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ይጎርሳሉ። እነሱን በ18 ኢንች የሚተኩስ ሰው ባሩዱን ከአፈሙዙ ውጭ ነው የሚያነደው፤ ሰደፉ ትከሻውን ሲመታው ይኖራል፣ በምላሹ የሚያገኘው ግን ከ308 ብዙ የማይርቅ ፍጥነት ነው። ማግነም ካማረህ 24 ኢንች ያዝ፣ ካልሆነ ተወው። ሜዳማ አገር ላይ፣ 300 እና 400 ሜትር አሻግሮ ለሚተኩስም ረጅሙ ቦታው ነው። ቆሞ ያለ ድጋፍ ለሚተኩስ ሰውም ፊቱ ከበድ ያለ ጠመንጃ ይረጋል፤ አጭሩ ፊቱ ስለሚቀል ይቅበዘበዛል።

ድምፁ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የአደን ጠመንጃ ድምፅ ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አፈሙዙ ሲያጥር ፍንዳታው ይበረታል፣ ወደ ተኳሹ ፊትም ይቀርባል። ጆሮ መሸፈኛ የማያደርግ ሰው አጭር አፈሙዝ ባይገዛ ይሻለዋል። አጋዘን የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ስለሆነ ብልጭታውም ዓይን ያጨልማል፤ ሁለተኛ ጥይት ካስፈለገ ምንም አይታይህም። በስካንዲኔቪያ፣ በእንግሊዝና በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዳኞች ሳይለንሰር የሚባለውን የድምፅ ማፈኛ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ይገጥማሉ። እሱ ብቻውን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር ሰዎች ወደ አጭር አፈሙዝ የሄዱበት አንዱ ምክንያት ነው፤ 24 ኢንች ላይ ሳይለንሰር ጨምረህ ማማ ላይ ለመውጣት መሞከር ነው የቀረው።

ሕጉንም ማየት ያስፈልጋል። ስኮትላንድ ትልልቅ አጋዘን የሚመታ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ቢያንስ በሰከንድ 747 ሜትር እንዲፈጥን ታስገድዳለች። 308 ላይ ከባዱን፣ 11.7 ግራሙን እርሳስ በ16 ኢንች አፈሙዝ የሚተኩስ ሰው ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቀለል ያለውን ከመረጠ አይነካውም። ጀርመን ደግሞ የምታየው 100 ሜትር ላይ የቀረውን ጉልበት ነው፤ «ሮ» ከሚባለው ከትንሹ አጋዘን ውጪ ላሉት 2,000 ጁል። ይህን 308 በአጭር አፈሙዝም በቀላሉ ያልፈዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከ16 ኢንች ያነሰ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ሌላ ምዝገባ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ልኩን በእጅ ማረጋገጥ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደግመህ ታያለህ፣ ማቀባበያውን ትዘጋለህ፣ የመወልወያውን ዘንግ ከአፈሙዙ ጫፍ አስገብተህ እስኪነካ ታወርዳለህ፣ ከንፈሩ ጋ ዘንጉ ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ አውጥተህ በሜትር ትለካለህ። ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታም ይቆጠራል። ከእንጨቱ ወዲህ የሚታየውን ብቻ የሚለካ ሰው ተሳስቷል።

ይህን አንብቦ ቤት ያለውን የአያቱን ጠመንጃ ይዞ ወደ ብረት ቤት የሚሄድ እንዳይኖር። እንደ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከሆነ መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን ፈቃድ ይጠይቃል። ደግሞም በመጋዝ የተቆረጠ አፈሙዝ ከንፈሩ እኩል ስለማይሆን፣ ጋዙ እርሳሱን ከኋላው ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ አያ የሚሉት መበተን ያኔ በእውነት ይመጣል።

ለእህቴ ልጅ የጻፍኩለት አጭር ነው፦ 308 ይሁን፣ 20 ኢንቹን ውሰድ፣ ሳይለንሰር የምትገጥም ከሆነ 18ቱን። ከሚተርፍህ ገንዘብ ጥሩ የጆሮ መሸፈኛና ብዙ የመለማመጃ ጥይት ግዛ።