«ካላመመ ስብ ነው» ማለት ያሳስታል
«የማያም እብጠት ስብ ስለሆነ እዚያው ክሊኒክ አደንዝዞ ማውጣት ይበቃል» የሚለው፣ ስለ እብጠት የወጣው ጽሑፍ አንቀጽ ቢታረም ጥሩ ነው። ሳርኮማም (ከጡንቻ፣ ከስብ ወይም ከመሰል ሥጋ የሚነሳ ካንሰር) ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ጡንቻ ውስጥ የተቀበረ እብጠት ቢላ ሳይነካው ኤምአርአይ ይነሳል፤ ከዚያ በወፍራም መርፌ (ኮር ባዮፕሲ) ናሙና ይወሰዳል። በቀጭን መርፌ የሚቀዳው ኤፍኤንኤ ሕዋስ እንጂ የሥጋውን አወቃቀር ስለማያሳይ ዓይነቱንና ደረጃውን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም። መርፌው የሚገባበትን ቦታ ኋላ ዕጢውን የሚያወጣው ቀዶ ሐኪም ይምረጥ፤ መርፌው ያለፈበት መስመር ከዕጢው ጋር አብሮ ተቆርጦ ይወጣልና። ናሙናው በቢላ የግድ ከሆነም እጅና እግር ላይ በቁመት እንጂ በአግድም አይከፈትም፤ በአግድም የተቀደደ ጭን ኋላ ብዙ ጤነኛ ሥጋ ያስከፍላል። ከላይ በአስተያየት «ከሀዋሳ አዲስ አበባ የተላከው ናሙና መንገድ ላይ ተበላሸ» ላሉት፦ ጥፋቱ የመንገዱ ላይሆን ይችላል። የተወሰደው ሥጋ ወዲያው 10% ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይገባል፣ ፈሳሹም የሥጋውን 10 እጥፍ ያህል ይሁን፤ ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ከታጨቀ መሀሉ ይበሰብሳል። ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ማሳደርማ (የሚያደርጉት አሉ) ጭራሽ አይሆንም። የፓራፊን ብሎኩንም (ናሙናው የተቀበረበትን ሰም) ከላብራቶሪው ጠይቃችሁ ያዙ፤ ለኢሚኖሂስቶኬሚስትሪ (የዕጢውን ዓይነት ለመለየት ለሚደረግ የማቅለሚያ ምርመራ) ያስፈልጋል። የደረት ሲቲ ስካን ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው፤ ይህ በሽታ ሲሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው።